በዝምተኛዋ ጀልባ ላይ የቀረበ ቅሬታ

መቅዘፊያ ሐይቅ ዳር ተወልዳ፣ ሐይቅ ዳር አድጋ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ውሃ ውስጥ ወድቃ አታውቅም። የወደቀችው አንድ ረቡዕ ጠዋት ነው። የጣላትም ሰው በዚያው ሰሞን የልቧን መንገድ ጀመረ፤ እሷ ግን ይህን ለማመን ወራት ፈጀባት።

መቅዘፊያ የወጣላት ስም ነው። ረጅምና ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ ከእጇ ስለማይለይ ነው የሚሉም አሉ። የአባቷን ስድስት የእንጨት ጀልባዎች ለዕረፍት ለሚመጣ ሰው ታከራያለች። ጀልባዎቹ ሞተር የላቸውም፣ ጣሪያ የላቸውም፣ መቀመጫቸው ሳንቃ ነው። ቀዝፈህ ትሄዳለህ፣ ቀዝፈህ ትመለሳለህ፣ ማታ እጅህን ቅባት ትቀባለህ። ያ ነው ዕረፍቱ።

ያን ዕለት የጀልባ መቆሚያው ጫፍ ላይ ተንበርክካ የአራተኛዋን ጀልባ ስንጥቅ በዝፍት እየደፈነች ነበር። ዘወር ብላ አታይም፤ ጆሮዋ ይበቃታል። የሞተር ጀልባ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ይሰማል፤ የቀዘፋ ጀልባ ደግሞ መቶ ሜትር ሲቀረው። ድንገት እንደ ጥጃ አፍንጫ የለሰለሰ ነገር ከኋላ ወገቧን ነካ አደረጋት።

ከውሃው ብቅ ስትል ፀጉሯ ላይ ዝፍት፣ አፏ ውስጥ ሐይቅ ነበር። አንዲት ነጭ ጀልባ ፊቷ ቆማለች። ከጀልባዋ አፍ ላይ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ያያታል።

«ድምፅ የላትም እኮ» አላት። በኩራት ነው ያለው።

«ምን?»

«አልሰሟትም አይደል? ማንም አይሰማትም። በባትሪ ነው የምትሄደው። ባትሪው ሲደክም ትንሽ የነዳጅ ሞተር አላት፣ ራሷ ትቀይራለች፤ ሃይብሪድ ነው የሚሏት። ግን እኔ እስከዛሬ...»

«እጅህን ስጠኝ።»

እጁን ሰጣት። እየጎተታትም ስለ ባትሪው ዕድሜ መናገሩን አላቋረጠም። አውጥቷት፣ የራሱን ፎጣ አልብሷት፣ ስለ ቻርጅ ማድረጊያው አስረድቷት ሲያበቃ፣ «ይቅርታ» አለ። በመጨረሻ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የመቆሚያው ትኬት ቆራጭ ስም አወጣችለት። ባትሪ።

ባትሪ የመጣው ለአንድ ትልቅ የኪራይ ድርጅት ተቀጥሮ፣ አራት ዝምተኛ ጀልባዎች ይዞ ነው። የቆመውም ከመቅዘፊያ አፍንጫ ሥር ነው። በየጀልባው ሶፋ አለ፣ ማቀዝቀዣ አለ፣ ግድግዳ የሚያህል ስክሪን አለ። ችግሩ ጀልባዎቹ ዝም ሲሉ ሰውየው አለማለቱ ነው። ጠዋት ስለ አየሩ ያወራል፣ ቀን ስለ ገመድ ያወራል፣ ማታ ስለ ጠዋቱ አየር ያወራል።

«ሰው ሶፋ ላይ ለመቀመጥ ሐይቅ ድረስ ምን አስመጣው?» አለችው አንድ ቀን። «ቤቱ ሶፋ የለውም?»

«ሰው ለዕረፍት መጥቶ እጁ እንዲላጥ ምን በደለሽ?»

«የእኔ ደንበኞች ሲመለሱ እርስ በርስ እያወሩ ነው።»

«ስለ እጃቸው ነው የሚያወሩት። ትናንት ሰምቻቸዋለሁ።»

መቅዘፊያ ጥርሷን ነክሳ ወደ ዝፍቷ ተመለሰች። ከሱ ጋር መከራከር ውሃ መውቀጥ ነው፤ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ባትሪ ዘጠኝ ሰው ያለው ቤተሰብ ጭኖ ወጣ። ማቀዝቀዣው ይሠራል፣ ስክሪኑ ፊልም ያሳያል፣ ስድስት ስልክ ቻርጅ ላይ ነው፣ የቤቱ አያት ደግሞ ከቤታቸው ያመጡትን የእግር ማሻሻ ሰክተዋል። ሐይቁ መሃል ላይ ባትሪው አለቀ። ይሄ ችግር አልነበረም፤ የነዳጁ ሞተር የተሠራው ለዚህ ቀን ነው። ግን ሰውየው በባትሪዋ ከመኩራቱ የተነሣ በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ ጠብታ ነዳጅ አልቀዳም። ነዳጅ መቅዳት ለሱ ሽንፈት ነበር።

ትኬት ቆራጯ ስልኩን ዘግታ በመስኮቱ ብቅ አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ዝምተኛው ይጮሃል።»

«ይጩህ።»

«ዘጠኝ ሰው ይዟል። አሮጊትም አሉበት።»

መቅዘፊያ ገመድ ይዛ በአንዷ የእንጨት ጀልባ ወጣች። ከአንድ ሰዓት በላይ ብቻዋን ቀዝፋ ዘጠኝ ሰው፣ አንድ ማቀዝቀዣና አንድ ባትሪ ጎተተች። ባትሪ ከኋላ ሆኖ ጥቂት ምክር ሊሰጣት ሞከረ፤ አንዴ ዞር ብላ አየችውና ተወ። አያትየዋ ብቻ ደስ ብሏቸው ነበር።

«ልጄ» አሏት ሲወርዱ፣ «መጀመሪያውኑ እንዲህ ቢሄድ ምን ነበረበት? ቴሌቪዥኑ ገና አሁን ጠፋልን።»

እዚያ መቆሚያ ላይ ማንም ያልጻፈው ሕግ አለ። የተጎተተ ሰው የጎተተውን ሰው መቅዘፊያዎች ሳምንት ሙሉ ይሸከማል፤ ጠዋት ከመጋዘን ወደ ውሃ፣ ማታ ከውሃ ወደ መጋዘን። ስድስት ጀልባ፣ አሥራ ሁለት መቅዘፊያ። ባትሪ ሕጉን ሲሰማ አልተከራከረም። መቅዘፊያን ያስደነገጣት ይሄ ነው።

አሸካከሙ ግን የሚያሳፍር ነበር። በየትከሻው ሦስት ሦስት ይጭንና ሰው ሲጠራው ዞር ይላል። በመጀመሪያው ቀን የትኬት ቤቱን መስኮት ሰበረ። በሁለተኛው ቀን የአንድ ሙሽራ ኮፍያ ሐይቅ ውስጥ ከተተ።

«ሰው ሲጠራህ አትዙር» አለችው ተናድዳ።

«ካልዞርኩ አልሰማም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ግራ ጆሮዬ አይሠራም።» መቅዘፊያዎቹን ቀስ ብሎ አወረደ። «አሥር ዓመት የናፍጣ ሞተር አጠገብ ነው የቆምኩት። ሞተሩ ግራዬ ነበር።»



«ለዚህ ነው እነዚህን ጀልባዎች የምወዳቸው» አለ። «አሥር ዓመት ሙሉ አፌን ስከፍት ማንም አልሰማኝም። ብዙ ወሬ ተጠራቅሞብኛል... ታገሺኝ፣ ያልቃል።»

አላለቀም። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስታናግረው በቀኙ መቆም ጀመረች። ይህን ማድረጓን አላስተዋለችም። ትኬት ቆራጯ አስተውላለች።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ባትሪን አሥራ ሁለቱንም መቅዘፊያ ይዞ ውሃው ዳር ቆሞ አገኘችው።

«ሳምንቱ አልቋል» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ለትከሻዬ አልነገርኩትም።»

ሳቋን ለመደበቅ ጎንበስ ብላ ምንም ያልሆነውን ገመድ ፈታችና መልሳ አሰረችው።

በዚያ ወር ቀዘፋ አስተማረችው። የአንዲት ጀልባ ርዝመት ያህል ቀጥ ብሎ ለመሄድ አራት ቀን ወሰደበት። እንደ ወፍጮ ባለበት ይሽከረከር ነበር፤ እየተሽከረከረም ያወራል። እጁ ተላጠ።

«አሁን ስለ እጅህ ልታወራ ነው» አለችው።

«አይደለም» አለ መዳፉን እያየ። «ስላንቺ ላወራ ነበር። ግን ጀልባው ሲዞር ፊትሽ ያመልጠኛል።»

 ያን ቀን ማታ መቅዘፊያን አባቷ ሁለት ጊዜ ጠርተዋት አልሰማችም።

አባቷን መቆሚያው ሁሉ ካፒቴን ነው የሚላቸው፣ ምንም እንኳ ከእንጨት ጀልባ የበለጠ ነገር ነድተው ባያውቁም። አርባ ዓመት ቀዝፈው ትከሻቸው አልታዘዝ ካለ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሞተር የሚባል ነገር አይወዱም። ነጩ ጀልባ በመጣ ሰሞን፣ «ይሄ ጀልባ ሳይሆን ሳሎን ነው» ብለው ፊታቸውን አዙረዋል። ሐኪም በየማለዳው አንድ ሰዓት እንዲራመዱ አዝዟቸው ስለነበር ጎህ ሲቀድ ጫማቸውን አጥልቀው ይወጣሉ፣ ጉንጫቸው ቀልቶ ይመለሳሉ። ልጃቸው ደስ ይላታል። ጫማቸው ላይ አንድም ቀን አቧራ አይታ አለማወቋ ግን አላሳሰባትም። የምትወደውን ሰው የምትጠረጥር ሴት አልነበረችም፤ ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ቅዳሜ ማታ የምግብ ጠረጴዛውን ስትጠርግ ከአባቷ መነጽር ሥር አንድ ወረቀት አገኘች። የውል ረቂቅ ነው። ሻጭ፣ አባቷ። ገዢ፣ የነባትሪ ድርጅት። የሚሸጠው፣ ስድስት የእንጨት ጀልባዎች ከነመቆሚያቸው።

ሦስት ጊዜ አነበበችው። ወረቀቱን እዚያው መልሳ፣ መነጽሩን ከላይ አስቀምጣ ተኛች። ማለትም ተጋደመች።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ወደ ውሃው ሄደች። ሐይቁ ጭጋግ ለብሷል። ምንም ድምፅ የለም። ከዚያ ጭጋጉ ነጭ ጀልባ ወለደ፤ ዝም ብላ፣ ውሃውን እንኳ ሳትቀሰቅስ መጣች። በፊተኛው ሶፋ ላይ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ አባቷ ተቀምጠዋል። ባትሪ አጠገባቸው ነው። የሆነ ነገር አላቸውና ሳቁ። አባቷ እንዲያ ሲስቁ ካየች ሁለት ዓመት አልፏታል።

ጀልባዋ መቆሚያውን ስትነካ ሁለቱም አዩዋት። አባቷ ጫማቸውን አዩ።

«የእግር ጉዞው እንዴት ነበር፣ አባዬ?» አለች።

«ልጄ፣ ስሚኝ...»

«ቤት እንነጋገራለን።» ከዚያ ወደ ባትሪ ሄደች። በቀኙ በኩል ቆመች፣ አንድም ቃል እንዳያመልጠው ብላ። «መጀመሪያ መቆሚያዬን፣ ቀጥሎ መቅዘፊያዬን፣ አሁን አባቴን። ሽማግሌ በጠዋት እያሳፈርክ ማስፈረም ነው ሥራህ? አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ አለች አህያ። በግልጽ ብትጠይቀኝ በግልጽ እምቢ እልህ ነበር።»

«ምን ማስፈረም?»

«ውሉን አይቼዋለሁ።»

ባትሪ ወደ ካፒቴን ዞረ። ካፒቴን በጭንቅላታቸው አይሆንም የሚል ምልክት ሰጡት፤ አትንገራት ነው። ባትሪ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። በሕይወቱ ማውራት የነበረበት አንድ ቀን ቢኖር ያ ቀን ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ መቅዘፊያዬን እንዳትነካ» አለችና ሄደች።

ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ቀናት ለማንም አልጣሙም። መቅዘፊያ አሥራ ሁለቱን ራሷ እየተሸከመች፣ በነጩ ጀልባ በኩል ስታልፍ አንገቷ እንደታሰረ ቀጥ ብላ ታልፋለች። ቤት ውስጥ ከአባቷ ጋር የሚነጋገሩት ስለ ጨውና ስለ በር መዝጋት ብቻ ነው። ባትሪ ለደንበኞቹ የሚያስረዳውን ሁሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨርሳል። አንድ ደንበኛ ታሟል ወይ ብሎ ትኬት ቆራጯን ጠይቋል።

በስድስተኛው ቀን ካፒቴን ማንኪያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«እስከ መቼ ነው የምታኮርፊው?»

«ውሉን እስኪቀድዱት ድረስ።»

«ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

መቅዘፊያ ቀና አለች።

«እሱ አልጠየቀኝም። እኔ ነኝ ጀልባዎቹን ግዙኝ ብዬ የለመንኩት፣ ሁለት ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ እምቢ አለኝ። ለልጄ እንዳትነግራት ብዬም አስምዬዋለሁ።»

«ለምን ይሸጣሉ?»

ካፒቴን ቀኝ ትከሻቸውን በግራ እጃቸው ያዙት።

«ይሄን አየሽ? በሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው የጀመረኝ። አንቺ ሠላሳ አንድ ነሽ። ማታ ማታ በሩን ስትዘጊ በየትኛው እጅሽ እንደምትዘጊ አያለሁ።»

እውነት ነበር፤ ካለፈው ክረምት ጀምሮ በግራዋ ነው የምትዘጋው።

«የማለዳው ነገርስ?»

«እሱ...» ሽማግሌው አፈሩ። «ሐይቁ መሃል ከገባሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ከዳር ሆኖ ማየት ሌላ ነው፣ ልጄ። አንድ ጠዋት ዳር ተቀምጬ አገኘኝና "ጋሼ፣ ይምጡ፣ ማንም አይሰማም" አለኝ። ሞተር ጠላለሁ ስል ኖሬ አሁን ሶፋ ላይ ሰው ሲያየኝ ምን እላለሁ? ድምፅ ስለሌላት ገባሁ።»

«እኔን ቢጠይቁኝ አልቀዝፍዎትም ነበር?»

«ትቀዝፊኝ ነበር። ለዚህ ነው ያልጠየቅሁሽ። በቀን ስድስት ጀልባ ታወጫለሽ፤ ሰባተኛው እኔ ልሁን?»

መቅዘፊያ ተነሥታ በጠረጴዛው ዞረችና ያን የታመመ ትከሻ ከኋላ አቀፈች። 

«ለምንድነው እምቢ ያለው?» አለች በመጨረሻ፣ ከጀርባቸው ሆና።

«"እኔ የምፈልገው ጀልባዎቹን አይደለም" አለኝ። "ታዲያ ምኑን ነው?" ስለው ስለ አየሩ ማውራት ጀመረ።»

ሩጫ በሚመስል እርምጃ መቆሚያው ደረሰች። ነጮቹ ጀልባዎች ቆመዋል፤ ሰው አይታይም። ትኬት ቆራጯ በተሰበረው መስኮቷ በኩል አየቻት።

«አባቴ በሱ ጀልባ እንደሚወጡ ታውቂ ነበር?»

«ዓሣው ሳይቀር ያውቃል፣ እህቴ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።» ትኬት ቆራጯ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይልቅ ሌላ ያልሰማሽው አለ። ሰውየው ወደ ሌላ ሐይቅ አዛውሩኝ ብሎ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጽፏል። ሰኞ ሌላ ሰው ይመጣል።»

ቀኑ ቅዳሜ ነበር።

መቅዘፊያ ነጩ ጀልባ ፊት ቆመች። በጎኗ ላይ በትልልቅ ፊደል፣ «ቅሬታ ካለዎት ይደውሉልን» ተብሎ ቁጥር ተጽፏል። ስልኳን አወጣች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ የደንበኞች ቅሬታ ክፍል ነው» አለች አንዲት ለስላሳ ድምፅ። «ማን ልበል?»

«ጎረቤት ነኝ። የእንጨት ጀልባ አከራያለሁ።»

«ተወዳዳሪያችን ነዎት ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ምን ልርዳዎ?»

«እዚህ ያለውን ሠራተኛችሁን ሰኞ ልታነሱት ነው ተባለ። እንዳታነሱት።»



«ይቅርታ... በሠራተኛው ላይ ቅሬታ አለዎት?»

«ብዙ አለኝ። ሐይቅ ውስጥ ጥሎኛል። ነዳጅ አይቀዳም። መስኮት ሰብሯል። ወሬው ማለቂያ የለውም፤ ሲያቆም ደግሞ የባሰ ነው፣ አምስት ቀን ሞክሬዋለሁ።»

«ታዲያ ቢነሣ አይሻልዎትም?»

«አይሻለኝም። አባቴን በየማለዳው ሐይቅ መሃል ወስዶ ሲመልስ ከርሟል፣ እኔ ሰድቤዋለሁ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እዚህ እንዲኖር እፈልጋለሁ... እወደዋለሁ። ይሄን የት ነው የምትመዘግቡት?»

«አንድ ደቂቃ ይታገሡኝ» አለች ልጅቷ። የፊደል ገበታ መንኳኳት ተሰማ። «ይህ ዓይነት ቅሬታ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። "ሌላ" በሚለው ሥር አስገብቼዋለሁ።»

መቅዘፊያ ስልኩን ዘግታ ዞር ስትል ባትሪ በጀልባዋ በር ላይ ቆሟል። በእጁ ግማሽ የተሞላ ሻንጣ አለ። ሞተር ቢኖር ኖሮ ምንም አይሰማም ነበር፤ ሞተር የለም።

«ከየት ጀምሮ ነው የሰማኸው?» አለችው።

«ከነዳጁ።»

«በየትኛው ጆሮ?»

«በደህናው።» ሻንጣውን መሬት አደረገ። «አባትሽ አስምለውኝ ነው። መናገር አልቻልኩም።»

«ነግረውኛል። ይቅርታ አድርግልኝ። ያን ሁሉ መናገሬ ሳያንስ በቀኝህ ቆሜ ተናገርኩ።»

«ያ ነው ያስከፋኝ» አለ። «በቀኜ ስትቆሚ ደስ የሚል ነገር ለምጄ።»

ወደ ጀልባዋ ወጣች። ጀልባዋ ከመጣች ጀምሮ እግሯን አስገብታባት አታውቅም። ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ ለመተቸት ተዘጋጅታ፤ የሚተች ነገር ግን አላገኘችበትም። ይሄም አናደዳት።

«ሰኞ የሚመጣውን ሰው ምን ታደርገዋለህ?»

«እመልሰዋለሁ። ካልሆነም እኔ ሥራ እለቃለሁ፤ ስድስት ጀልባ ያላት አንዲት ሴት ትከሻ ያለው ሰው ትፈልጋለች ሲባል ሰምቻለሁ።»

«ቀጥ ብሎ የማይቀዝፍ ሰው አልቀጥርም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አግባኝ» አለች። እንደ ትእዛዝ ወጣባት፤ ደግማ በለሰለሰ ቃል ልትለው ስትሞክር እሱ አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ይዞ ነበር። የሁለቱም መዳፍ ጠንካራ ነው፤ የሱ አዲስ፣ የሷ የቆየ።

ድርጅቱ ባትሪን አላዛወረውም። ውሉ ተቀደደ። ከስድስቱ የእንጨት ጀልባዎች መቅዘፊያ ሦስቱን ራሷ ታወጣለች፣ ሦስቱን ባሏ ያወጣል፤ ካፒቴን ደግሞ አሁን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሐይቅ መሃል ይወጣሉ። የጠየቃቸው ሰው ሲኖር ሐኪም አዞኝ ነው ይላሉ።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጠዋት የመቅዘፊያ ስልክ ጮኸ። ያቺው ለስላሳ ድምፅ ነበረች።

«ከደንበኞች ቅሬታ ክፍል ነው። ስለ ሠራተኛችን ያቀረቡት ቅሬታ አሁንም ክፍት ሆኖ ስለሚታየን ነው። ችግሩ ተፈታልዎ?»

መቅዘፊያ ወደ ውሃው አየች። ባሏ አንዲት ጀልባ ውስጥ ቆሞ፣ እየተሽከረከረ፣ ለአንድ ደንበኛ ስለ አየሩ ያስረዳል።

«አልተፈታም» አለች። «ባለፈው ቅዳሜ አገባሁት።»